መቶ ስግደት

ልጄ ሥርጉት፣ ኪዳነ ምሕረት በሰው አገር በተዘጋብሽ ቤት ትግባልሽ። አባትሽን ጉልበቱን ተሽሎታል፤ ላሟም ወልዳለች።

አሠሪሽ ማተብሽን በጥሳ፣ «ሃይማኖትሽን ካልለወጥሽ ፓስፖርትሽን አልሰጥሽም» እንዳለችሽ ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። በጀልባ ደሴቱ ገዳም ገብቼ የነፍስ አባታችንን፣ «በአፏ ብቻ እሺ ብላ ብትመጣልኝስ?» አልኋቸው።

«እሷ ጠየቀችሽ?»

«አልጠየቀችም አባቴ፤ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ንስሐው ያንቺ ነው» ብለው መቶ ስግደት ሰጡኝ።

እየሰገድሁ ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ አለ። ጽኚ ብዬ ያሳደግሁሽ እኔ፣ ያቃተኝም እኔ።

ይህን የምታደርስልሽ እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ የምትሠራው የጎረቤታችን የሐሊማ ልጅ ኢኽላስ ናት። በሩ ከተከፈተ ጓዝሽንም ፓስፖርትሽንም ትተሽ ተከተያት። የጸናሽለት አምላክ ያውጣሽ። እስከዚያው እህል ቅመሽ፤ እኔም እንድጸና ጸልዪልኝ።

እናትሽ