የቀየርኩት ሞተር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ጠዋት 3፡20

ኪሩቤል ኮዱን ጨርሷል። እኔ ገና የማሽኑን ክንድ እየሳልኩ ነው። ማሽን የለም፣ የማሽን ኮድ ግን አለ። ደብተሬ፣ ይሄን ሰውዬ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጎሮ ባለው የወ/ሮ ዘይነባ የለውዝ ቅቤ ቤት ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ክዳን ሲያጠብቁ ውለው የእጅ አንጓቸው ያልቃል። ክዳን የሚገጥም ማሽን እንሠራላቸዋለን፣ እኔና እሱ። ጠርሙሱ በቀበቶ ይመጣል፣ ክንዱ ወርዶ ክዳኑን ያጠብቃል። እጅ ከገባ ሴንሰሩ ያያል፣ ኮዱ ሞተሩን ያቆማል።

የሜካትሮኒክስ ዲዛይን መግቢያ፣ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት፦ ብረቱ፣ ኤሌክትሪኩና ኮዱ ከጅምሩ አብረው ይታሰባሉ። አንዱን ጨርሰህ ሌላውን አትለጥፍበትም። አብረን ነው የተማርነው። እሱ ያን ቀን ስልኩን ሲነካካ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከሰዓት 10፡00

ቦታ ልንለካ ጎሮ ሄድን። ወ/ሮ ዘይነባ ከሁለታችሁ ኢንጂነሩ ማነው ብለው ጠየቁ። ኪሩቤል ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ። እሷ ብረቱን ትበይዳለች።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴን ነክሼ መለካቴን ቀጠልኩ።

11፡30። ወርክሾፕ። የተስማማንበት ሞተር ደካማ ነው፣ ክዳኑን አያጠብቅም። በፈጣንና ጉልበተኛ ሞተር ቀየርኩት። አሁን ክንዱ በግማሽ ጊዜ ይወርዳል። ኮዱ ግን የተጻፈው ለዘገምተኛው ነው። የገባው እጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አይቶ ነው የሚያቆመው። ከእንግዲህ ሦስቴ ለማየት ጊዜ የለም።

ለኪሩቤል መንገር አለብኝ።

አልነግረውም። ራሱ ይድረስበት። ሰኞ በሙከራው ላይ፣ በእጅ ምትክ የሚያስገባውን እንጨት ክንዱ በወ/ሮ ዘ. ፊት ሲሰብርበት፣ ኢንጂነርነቱን ያኔ እናያለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። 9፡00

ማሽኑን ጎሮ ተከልነው። ይሠራል። ጠርሙስ የምትደረድረው ዓለም፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻይ አመጣችልንና እጄ ሊያርፍ ነው አለች። መረቀችን።

ኪ. ክንዱ ገና መውረድ ሳይጀምር እንጨት አስገባ፣ ቆመ። ደገመ፣ ቆመ። በቃው። በኋላ ግን ክንዱን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። ፈጠነብኝ አለ።

«የቀየርሽው ነገር አለ?»

«የለም።»

አመነኝ። ማመኑ ራሱ አናደደኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፉ ባይነበብም ይቅር።

ጥሩ ጀመርን። ጠርሙሶቹ ተከታትለው ወጡ፣ ወ/ሮ ዘ. አጨበጨቡ። እንጨቱን ልናሳይ ስንል አንድ ጠርሙስ አጋደለ። ዓለም ልታቃናው እጇን ሰደደች፣ እንደለመደችው። ክንዱ እየወረደ ነበር። አልቆመም።

ሌባ ጣቷ ላይ አረፈ። አልጮኸችም። ትንፋሿን ብቻ ወደ ውስጥ ሳበች። ኪ. ዘሎ ማጥፊያውን መታ። እኔ ቆሜ አያለሁ።

ክሊኒክ ወሰድናት። ተሰብሯል። ጥፍሩ የለም። ወ/ሮ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ኪ.ን ይቆማል ብለኸኝ አልነበር ወይ ብለው ያዙት። አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኮዴ ነው አላቸው።

አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ስለ ሞተሩ የማውቀው እኔ ብቻ። የክሊኒኩን ደረሰኝ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ረፋድ

ኪ. አራት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። በአምስተኛው አነሳሁ። ኮዱን መስመር በመስመር እያየ ነው። አልበላም፣ አልተኛም። ስህተቱን ካላገኘሁ ሌላ ማሽን አልነካም ይላል።

አያገኘውም። እዚያ ውስጥ የለም።

እውነቱን ልንገርህ ደብተሬ፣ አልራራሁለትም። ያ አፉ ዛሬም ያስጠላኛል። ግን ልቀጣ የፈለግሁት እሱን ነበር። ዓለም ምን አደረገችኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13። 7፡00

ብርቱካን ይዤ ዓለም ቤት ሄድኩ። አያት፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በአንድ እጇ ልብስ ታሰጣለች። ቀሪውን እኔ አሰጣሁላትና ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳት፦ ሞተሩን፣ አውቄ መደበቄን፣ ሲጠይቀኝ መዋሸቴን። በፋሻ የተጠቀለለውን ጣቷን አየች።

«ልጁ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ንገሪው።»

ይቅር አላለችኝም። ስወጣ ብርቱካኑን መልሳ አስያዘችኝ።

8፡40። ባቡር ላይ ነኝ። ኪ.ን ሃያ ሁለት ፌርማታ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። ለእሱ ከነገርኩት በኋላ አብረን ጎሮ እንሄዳለን። ወ/ሮ ዘይነባ ፊት የምናገረው እኔ ነኝ፣ እሱ እየሰማ። ማሽኑን በእጄ እነቅለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉኝን ይበሉኝ።

አሁንም አልወደውም። ይሄን ለማድረግ ደግሞ መውደድ አያስፈልገኝም።

ደረስን። ፌርማታው ላይ ቆሟል፣ ላፕቶፑን ታቅፎ። ፊቱ ከስቷል። አይቶኛል። ልወርድ ነው።