ስለ ቢራ የሚዘፍኑት ባለቁንጮዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፤ ሐምቡርግ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህስ? ጨጓራህስ ተወህ ወይ? የዚያ አገር ብርድ ከደብረ ብርሃንም ይብሳል ሲሉ ሰምቻለሁና ደረትህን ሸፍነህ ትወጣለህ ወይ? ባለቤትህ ሄልጋ፣ ልጅህ ወለተሐና እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ሠላሳ ዓመት ጠላ ስጠምቅ ጋን ሥር የተንበረከከ ነውና አልፈርድበትም። በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት ፊደል አድጋ ይህን ደብዳቤ ሰው ሳላስቸግር በራሴ እጅ እየጻፍኩልህ ነው።

በሰው እጅ የላክኸው ሸክላ ደርሶኛል። «ስሚልኝ፣ ቤትሽን ያስታውሰኛል» ከሚለው በቀር ምንም ስላልጻፍክ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ገብረአማኑኤል ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው ሄድኩ። ጎረቤቴ ዙቤዳም፣ ያቺ ከአሊዩ አምባ ጨው እያመጣች የምትነግደው፣ ካልሰማሁ ብላ ተከተለችኝ።

ሽፋኑ ላይ ያሉትን ሦስት ጎረምሶች ሳይ አዘንኩ። ራሳቸው ግራና ቀኙ ተላጭቶ መሐሉ ቆሟል፤ ቁንጮ ነው። ጢም ካወጡ በኋላ እንኳ ቁንጯቸው ያልተላጨው እናቶቻቸው ስለቱን ሳያደርሱ ሞተውባቸው ይሆናል አልኩ። አንተም ከሁለት የሞቱ ልጆች በኋላ ስለተወለድክ እናታችን ለሥላሴ ተስላ እስከ አምስት ዓመትህ ቁንጮ ነበረህ። ይህን ለመምህሩ ብነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀና አዋቂ ለማናደድ ብለው ነው አለኝ። አልተዋጠልኝም። እስቲ አንተ ጠይቅልኝ፤ ከሦስቱ አንድ የስለት ልጅ አይጠፋም።

መርፌው ሲቀመጥ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ መሰለኝ። ጮኸው ሳይጨርሱ ዘፈኑ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል። ዙቤዳ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላ «አንቺ አልታየች፣ ጠብታ ሳልቀምስ የሰከርኩት ዛሬ ነው» አለችኝ።

መምህሩ እንግሊዝኛውን እየሰማ ሲተረጉምልን አሥራ ሁለቱም ዘፈን ስለ ቢራ ነው። አንዱ መሸታ ቤቱ እንዳይዘጋ ይለምናል። አንዱ ጠርሙስ ሲቆጥር ስምንት ላይ ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል። ሌላው ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ ቢራ አልከዳኝም ይላል። ጠማቂዋስ ብዬ ጠየቅሁ። ሽፋኑን ገልብጦ አነበበና የለችም አለኝ። ብቅሉን ማን አበቀለ፣ ጋኑን በወይራ ማን አጠነ የሚል አንድ ስንኝ የለም። እኔም ቤት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ስንት ዓመት ሲዘፍኑ ስሜን ያነሳ የለም። ለመሆኑ እዚያ አገር በምን ነው የሚጠምቁት? ጌሾ አላቸው? ጠማቂዋ ሴት ናት?

ከሁሉ ይልቅ ግን የሽፋኑ ጀርባ አሳሰበኝ። ክብ ክብ እድፍ አለበት። የብርጭቆ ቂጥ መሆኑን ጠጪ ሲነሳ ጠረጴዛ የምወለውለው እኔ አላጣውም። ሁሉም ክብ እኩል ነው፤ ብርጭቆው አንድ፣ ሰውየውም አንድ። እያነሳ እያስቀመጠ ብዙ የቆየ ሰው ነው። ሸክላውን አሮጌ ገዝተኸው ከሆነ፣ እድፉ የሌላ ሰው ከሆነ ንገረኝና ልረፍ።

አባታችን በምች ሞተ ብዬህ ነበር። ያኔ ስድስት ዓመትህ ነበር። በምች አልሞተም። ከአንኮበር ከዝክር ሲመለስ አረቄ ጥሎት ቁልቁለቱ ላይ ተኛ፤ ብርዱ ጨረሰው። ጠዋት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቄስ ነበርና ጥምጣሙን አስተካክዬ፣ አፉን በውሃ አጥቤ ነው ሰው የጠራሁት። እናታችን በዓመቱ ስትከተለው እኔ ደግሞ መጠጥ እየሸጥኩ አሳደግኩህ። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረም። ይህን ለጸሐፊ ነግሬ ማስጻፍ አልቻልኩም። ፖስታ ቤት ከፍተው ያነባሉ ይባላል፤ ያንብቡት።

አልቆጣህም። ከተቆጣሁህ ትዋሸኛለህ፤ ጠጪ አውቃለሁ። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። በቀን ስንት ነው? ከማን ጋር ነው? ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ?

ዙቤዳ ሰላም ብላሃለች፤ በሶላቷ ታነሳሃለች። መምህሩም ሰላም ብሎሃል፤ ሸክላውን ለተማሪዎች ላሰማ ብሎ አስቀርቶታል፣ የወደደው ግን እሱ ራሱ ይመስለኛል። ወለተሐናን ግንባሯን ሳምልኝ። ለሄልጋ ይህን አንድ ቃል ሳትለውጥ ንገርልኝ፤ ስለ አንተ የምታየውን በእንግሊዝኛ ትጻፍልኝ፣ መምህሩ ያነብልኛል። የአባታችንን አፍ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ያንተን እንዳታጥብ።

እህትህ አልታየች
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.