ሦስተኛው ፔዳል

ውድ ልጄ ማይደሊስ፣

ሞተሬን ሰርቀሽኛል። ሌላ ስም አልሰጠውም። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ዕድሜዬን ሙሉ እየፈታሁ የገጠምኩትን የአሮጌውን የፕሊማውዝ ታክሲዬን ሞተር አውጥተሽ፣ ከተጋጨ የኮሪያ መኪና የተነቀለ የናፍጣ ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው ገጠምሽበት። ፈቃዴን አልጠየቅሽም።

ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የተባባልነው ከጆሮዬ አልወጣም።

«ፍሪሲዮኑ የታለ?» አልኩሽ።

«የለውም፣ አባዬ። ማርሹን ራሱ ነው የሚቀይረው።»

«እኔስ ምን ልሠራ ነው? በመስኮት መንገደኛ ልቆጥር?»

«መሪ ትይዛለህ። አፍህም አለ፤ እሱን ማንም አልቀየረብህም።»

ሳቅሽብኝ። እኔ ግን ለገዢ እያሳመርሽው መሰለኝ። መንዳት ያቃተኝ ቀን መኪናውን ሽጡት ብዬ በገዛ አፌ ተናግሬ ነበርና። ስለዚህ ወደ ሲየንፉዌጎስ ወደብ፣ ሞተራቸውን ወደምትጠግኚላቸው መርከቦችሽ ስትመለሺ ደህና ግቢ እንኳ አላልኩሽም። መኪናውንም በሸራ ሸፍኜ ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ኒካኖራ የልጅ ልጇን የልደት ኬክ በሁለት እጇ ተሸክማ መጣች። እንደማንኛውም የሳንቲያጎ ኬክ፣ ክዳን የሚባል ነገር አልነበረውም።

«ኤቨሊዮ፣ ክሬሙ ሳይቀልጥ ላይ ቦኒያቶ መንደር አድርሰኝ።»

«መኪናው የእኔ አይደለም።»

«የማንም ይሁን። ጎማ አለው አይደል?»

ከኋላ ገባች። «በሩን በቀስታ! የፍሪጅ በር አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። ይህን ካልኩ ስንት ጊዜዬ!

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ፣ እንደለመድኩት ሱሪዬን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ግራ እግሬን በእጄ አነሳሁና ፍሪሲዮኑ በነበረበት በኩል ከነክብደቱ ጣልኩት። ያገኘሁት ሰፊውን የፍሬን ፔዳል ነበር። መኪናው ባለበት ቀጥ አለ፣ የኬኩ ክሬምም ማጅራቴ ላይ ተለጠፈ።

«አንተ ሽማግሌ! ልደቱ የልጅቷ ነው፣ ያንተ አይደለም!»

«ሁለት እግር አለኝ፤ የቱን ልቁረጥ?»

«አትቁረጥ። ግራውን ተወው፣ እንደ እንግዳ ይቀመጥ።»

ተውኩት። የቦኒያቶን አቀበትም ጀመርኩ። ከመታመሜ በፊት ያ አቀበት እንቅልፍ ነስቶኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። መሃሉ ላይ ማርሽ ልቀይር ስል እግሬ ቢከዳኝ፣ ከነተሳፋሪዎቼ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ገደል እንደምገባ አውቅ ነበር። ሰዎቹ ከኋላዬ እየቀለዱ ይስቃሉ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። ቅዳሜ ዕለት ግን መኪናው በየመታጠፊያው ማርሹን ራሱ እየቀያየረ ወጣ። እግሬ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። አናቱ ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ከጆሮዬ ወርዶ ነበር።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ኒካኖራ፣ ከጣቷ ላይ ክሬም እየላሰች።

«እየነዳሁ ነው» አልኳት።

ቤት ተመልሼ ሱሪዬን ልቀይር ስል አየሁት። ባሉኝ ሱሪዎች ሁሉ ግራ ጉልበት ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ የአምስት ጣቴ የግራሶ አሻራ አለ። ለእረፍት በመጣሽ ቁጥር ሱሪዎቼን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እግሬን በእጄ እያነሳሁ እንደምነዳ ታውቂ ነበር። ብትጠይቂኝ እንደምክድም ታውቂ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅሽው።

ማንጎው ሥር ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽውን ሞተሬን እንዳይዝግ ግራሶ ቀብቼዋለሁ፤ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው። ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ለእረፍትሽ ስትመጪ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከፊት፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። በሩን በቀስታ ዝጊ።

ስርቆቱ ግን ስርቆት ነው። የተናገርኩትን አላጥፍም። ስለ ሞተሩም ሆነ ስለ እግሬ ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።

አባትሽ
ኤቨሊዮ