የሁዳዴ ቅቤ

ሰቆጣ
እሑድ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ጥሩሐረግ
ደሴ

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙስ ምን አለ? ወንድምሽ ቤት ሆኜ ጥቂት ልታከም ብለሽ የሄድሽው ከጥምቀት በፊት ነበር፤ ይኸው ሁዳዴ ተጋመሰ። የደሴ ብርድ ለጉልበት እንደማይሆን ያኔም ነግሬሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፤ አንዷ ብቻ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ደብቃብኛለች፣ እየተከታተልኳት ነው። ባለፈው ደግሞ ልብስሽን ብል እንዳይበላው ብዬ ሣጥንሽን ከፍቼ ነበር። የበዓል ቀሚሶችሽ የሉም። ለጉልበት ሕክምና የበዓል ቀሚስ ለምን እንዳስፈለገ ገርሞኛል። ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ታይቱ ናት። ታይቱን ታውቂያታለሽ፣ ደግ ሴት ናት፤ የሰው ነገር ማወቅ ግን ትወዳለች። ስለዚህ ፖስታውን በሙጫ ካሸግሁ በኋላ በፕላስተር ደግሜው ጫፉ ላይ ፈርሜያለሁ። ፊርማው ተሰንጥቆ ከደረሰሽ ንገሪኝ። በስልክ ብናወራ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን በደወልኩ ቁጥር የሚያነሣው ወንድምሽ የሻምበል ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጥሩሐረግ? አሁን ወጣች» ይለኛል። ጠዋት ብደውል አሁን ወጣች፣ በምሳ ሰዓት ብደውል አሁን ወጣች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንዲህ ስትወጣ ውላ ስትወጣ ታመሻለች ማለት ነው። ባለፈው ጊዜ ደግሞ ከጀርባው የሴት ሳል ሰማሁ፤ ሳልሽን አውቀዋለሁ። መክሰሴ አይደለም፣ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ስለ ሥራ ነው። አንድ ነገር ገጥሞኝ ለሌላ ለማንም መናገር አልቻልኩም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ጤና ኬላዎቹ መከፈታቸውን፣ ሠራተኞቹ ደመወዝ በሚበሉበት ቀበሌ መኖራቸውን፣ ሕዝቡ ለእናቶች ያዋጣው ነገር ለእናቶች መድረሱን ሄጄ ማየት ነው። አለቃዬ ወንዳወቅ «ድጋፋዊ ክትትል» ይለዋል። እኔ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ከሚለው አላልፍም። ይህ ተረት ስንት ጊዜ አብልቶኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ስሙን ያልተናገረ ሰው ወደ ቢሮ ደወለ። ወደ ጻግብጂ በኩል ካለችው ከቁልቋል አምባ ነው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ማስተዋል የምትባል ልጅ፣ ጾሙ ከያዘ ወዲህ ኬላው ደጅ ታይታ አታውቅም፤ ሰቆጣ ላይ ሱቅ ሳትከፍት አልቀረችም አለ። ወንዳወቅ ጠራኝና «ሂድና በዓይንህ እይ። ከሌለች ትሰናበታለች፤ ኬላውንም ከጎረቤት ቀበሌ ጋር እናጣምረዋለን» አለኝ። የጎረቤት ቀበሌ የሚለው ከገደሉ ማዶ ያለውን ነው። እዚያ ለመድረስ ወርዶ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ለደህና ሰው እንኳ ከባድ ነው፣ በቃሬዛ ለምትሄድ ምጥ ለያዛት ሴት አስቢው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሱቁ ነበር።

መኪናው እስከሚችለው ወሰደኝና የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ኬላው ተቆልፏል። ጥበቃው አንዷለም ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። «ማስተዋል የት አለች?» ብዬ ብጠይቀው «አሁን ወጣች» አለኝ። ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ጠየቅሁ። ፊቴን እንኳ ሳታይ «አሁን ወጣች» አለች። ጤና ጣቢያ ወዳለችው አዋላጅ ደወልኩ፤ እሷም «ቁልቋል አምባ የለችም? አሁን ወጥታ ይሆናላ» አለችኝ። ሰው ሁሉ አንድ ቃል ከተናገረ ተማክሯል ማለት ነው። በየቤቱ እውነት ሲነገር እኮ ይለያያል፤ አንዱ ያሳጥረዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ውሸት ብቻ ነው ተለክቶ የሚሰፋ።

እኔም ዘዴዬን አልረሳሁም። ሲመሻሽ በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ጭድ ሰክቼ ሄድኩ። ጠዋት ብመለስ ጭዷ መሬት ወድቃለች። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ቤቱ ተጠርጓል፣ የክትባቱ ሣጥን ግን ቦታው ላይ የለም። እንግዲህ ሠራተኛዋ የለችም፣ ዕቃው ግን ይወጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ብዬ በልቤ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ስመለስ ሁለት ሴቶች በኽምጣኛ ያወራሉ። እናቴ በኽምጣኛ እንዳሳደገችኝ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለሥራ ስወጣ ግን አልሰማም። እነሱም የማልሰማ መስሏቸው አንደኛዋ «ሂጂና በሩን ዝጊው፤ የቅቤው ሽታ ሰውየው ጋ እንዳይደርስ» አለቻት።

ቅቤ! በዐቢይ ጾም እኩሌታ! አፍንጫዬን ቀና ሳደርግ እውነትም ይሸታል፤ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ። ሽታውን ተከትዬ ብሄድ የደረስኩት የቀበሌው ቄስ ቤት ነው። ጥሩሐረግ፣ ያኔ የተሰማኝን ደስታ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። በዚያ ቀበሌ ሕዝቡ ለእናቶች ማቆያ ቤት ዱቄትና ቅቤ ያዋጣል፤ የወለዱት ገንፎ እንዲያገኙ። ሁለት ወንጀል አንድ ላይ ያዝኩ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። የእናቶቹን ቅቤ ሰርቀዋል፣ በሰረቁት ቅቤ ደግሞ ጾም ይገድፋሉ፣ ያውም በካህን ቤት።

በሩ ላይ የቄሱ ባለቤት እማማ ወለተ ሰንበት ቆመዋል። ሁለት እጃቸውን መቃኑ ላይ ዘርግተው መንገዱን ዘግተውታል።

«ጌታው፣ ከመንገድ ነዎት፤ ፀሐይ አለብዎት። እደጅ ይረፉ» አሉኝ።

«እማማ፣ የገባሁት እኮ ትናንት ነው። ፀሐዬ በርዷል።»

«ቢበርድም ይቀመጡ። ውኃ ላምጣልዎት?»

«ውስጥ ምን እየተሠራ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ቅቤ ቅቤ ይሸታል? በሁዳዴ? በቄስ ቤት?»

እማማ ወለተ ሰንበት መቃኑን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሊመልሱልኝ ሲሉ ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ፤ ገና ያልጠና ቀጭን ድምፅ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት እሽሽ አለችው።

በሁዳዴ ቅቤ የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ እኔ ይጠፋኛል? አንቺ እታገኝን ስትወልጂ ጾም ነበር። ቅቤው ቤቱን ሞልቶት፣ እኔ እደጅ ተቀምጬ ምራቄን ስውጥ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አይተሽኝ ስቀሽብኛል። የገንፎውን ሽታ የማውቀው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ፀሐይ አለብዎት ሲሉኝም አራስ ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው እንደማይገባ ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን ሌባ ስፈልግ አራሷን አጣኋት።

ባለሁበት ቆሜ ሳለሁ ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ንግግር ሰማሁ። የአራሷ ድምፅ ነው፤ ልትታይ ለመጣች ነፍሰ ጡር ትናገራለች። «እግርሽ ካበጠ፣ ዓይንሽንም ብዥ ካለሽ ነገ አትበይ። የቃሬዛ ሰዎቹን ዛሬ አስጠሪ።» በበሩ ስንጥቅ ሳይ የጠፋው የክትባት ሣጥን መደቡ ሥር ተቀምጧል። ኬላው ተነሥቶ እዚያ ቤት ገብቷል።

«ማስተዋል ናት?» አልኩ።

«ናት» አሉ እማማ ወለተ ሰንበት። እጃቸውን ከመቃኑ አላወረዱም።

«የወሊድ ፈቃድ መብቷ ነው። ለምን አልጠየቀችም?»

«ብትጠይቅ ምን ታደርጉ ነበር? ከዚህ በታች ባለችው ቀበሌ የምትሠራው ልጅ ፈቃድ ጠየቀች። ሰው የለንም ብላችሁ ኬላውን አጣመራችሁት፣ የክትባቱን ፍሪጅም ጭናችሁ ሄዳችሁ። ልጅቱ ከፈቃድ ስትመለስ የምትገባበት አጣች። ፍሪጁን ያስጫኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ትእዛዝ ነው እማማ።»

«ይኼም ትእዛዝ ነው» አሉ። «የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጋዝጊብላ እናቷ ቤት ነበር መታረስ የሚገባት። ብሄድ ኬላው ይዘጋል፣ ወላዱ ገደል ለገደል ያልቃል ብላ እኔ ቤት ቀረች። እኛም የመጣ ቢመጣ አሁን ወጣች እንበል ተባባልን።»

«ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ለእርስዎ?» ብለው ሳቅ አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ጌታውን የተዉት። «ልጄ፣ አትቀየመኝ። አንተ ሰው ስታይ እንደ ሌባ ነው የምታየው። ጥፋት የሌለበትም ይሸሽሃል።»

 ዓይኔ እንደማንም ሰው ዓይን ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።

በዚህ መካከል ስልኬ ጮኸ፤ ወንዳወቅ ነው። «እህሳ፣ ሴትዮዋ አለች?» አለኝ። ከውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሕፃኑ እንኳ ጡት ይዞ ይሆናል፣ ድምፁ የለም። እማማ ወለተ ሰንበት የነጠላቸውን ጥለት ጨምድደው ይዘው አፌን ያያሉ። እኔ አንድ ቃል ብናገር ልጅቱ ከነአራስነቷ ሥራ የላትም፣ ቀበሌውም ኬላ የለውም።

«አለች» አልኩት።

«እስቲ አገናኘኝ።»

«አሁን ወጣች።»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። በሥራ ዘመኔ ለአለቃ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ዘግቼ ወደ መጋረጃው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ። «ማርያም ታኑርዎት» አለችኝ፤ ድምፅዋ ለቅሶ ለቅሶ ይላል። ለእኔ የሽምብራ ቆሎ ሰጡኝ፣ ጾመኛ ነኝና። ገንፎው ስንጥር ይኑረው አይኑረው ልነግርሽ አልችልም።

ስመለስ ወንዳወቅ ፊቴን አገላብጦ አየኝና «ወዝ ወዝ ብለሃል፤ ቅቤ አበሉህ እንዴ?» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ቀልድ ግን አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰው እንደሚልክም ነግሮኛል። እኔን ነው የሚጠረጥረው፤ ተጠርጣሪ መሆን እንዴት እንደሚያሳክክ አላውቅም ነበር። ጥቆማውን የሰጠውም ማን እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። አንዷለምን እጠረጥራለሁ፤ ሲቀመጥ አቀማመጡ ደስ አይልም።

ነገ የሠራተኛ ምደባ ስብሰባ አለ። ዛሬ ገብር ኄር ስለሆነ የደብራችን ቄስ ስለ ታማኝ አገልጋይ ሲያስተምሩ እኔን ለይተው ያዩኝ መሰለኝ፤ ማን ነገራቸው? ለማንኛውም የምለውን ቆርጫለሁ። አንዲት ሴት ስትወልድ መጀመሪያ ተተኪ ይላክ፣ ከዚያ ፈቃዷን ትውሰድ፤ ኬላ በአራስ ላይ አይዘጋ እላለሁ። እምቢ ካሉ ፍሪጁን የሚያስጭን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ይህን ስል የማስተዋልን ነገር ከአፌ ሊያወጡት ይሞክራሉ። አያወጡትም።

አሁን የቀረኝን ልንገርሽና ላብቃ። «አሁን ወጣች» ስል ያቺ ልጅ መጋረጃው ጀርባ፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ ነበረች። ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። ከዚያ ወዲህ የየሻምበልን ድምፅ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሲንቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ እኔ ለወንዳወቅ የተናገርኩበት ድምፅ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ ነው።

ናፍቀሽኛል፤ ቤቱ ባዶ ነው። ነይ አልልሽም። ቀሚሶችሽንም ልበሻቸው፣ ደሴ ለፋሲካ ደስ ይላል።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውላለሁ። የሻምበል አንሥቶ «አሁን ወጣች» ካለኝ «በደህና ትግባ» ብዬ እዘጋለሁ። ምናልባት በዚያ መሐል ሳል ቢመጣብሽ ግን አፍሽን አትያዢ። ደህና መሆንሽን በዚያው አውቃለሁ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም።

የዋግ አድባራት ሁሉ ካለሽበት ይጠብቁሽ፣ ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ብርሃነ ትንሣኤውን በጤና ያሳይሽ።

ባለቤትሽ
አሥራተ ማርያም