የሰባት ደቂቃው ንግግርዎና የእህቴ እጆች

ለከተማችን የነጻ ዋይፋይ አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ትከሻዬ ምን እንደነካው ወረድ ብለው ያገኙታል። እውነቱን ለመናገር የእርስዎን ጤና መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ፊትዎን በየቀኑ፣ አንዳንዴም ከጠዋት እስከ ቀትር ደጋግሜ ስለማየው፣ የንግግርዎ ቪዲዮ ከተቀረጸ ወዲህ አንድም ሽበት እንዳልጨመሩ የትም ቆሜ እመሰክራለሁ።

እኔ ከገበያው ጀርባ መጋረጃ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሙያዬ የሰውን መስኮት መሸፈን እንጂ የሰውን ገበና መግለጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከተማው ስለ አገልግሎትዎ የሚያወራው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ቢቀር ቅር ስለሚለኝ፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እያየው ልጽፍልዎ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር የምናወራው በእጃችን ነበር። ቋንቋው ከትምህርት ቤት የመጣ ሳይሆን ሁለታችን ከልጅነታችን ጀምሮ እየጨመርንና እየቀነስን የሠራነው ስለሆነ፣ አሟልቶ የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም። ዓምና የልጇ ሚስት ስትወልድ፣ ልጇ እሷን ወደሚኖርበት ሩቅ ከተማ ወሰዳት። ቤቱ ያን ዕለት ጭር አለብኝ። ስልክ ደውዬ ሃሎ ብላት መልሳ የምትለኝ ነገር የለም፤ በጽሑፍ እንዳንላላክ ደግሞ የእህቴ ቀልድ በጽሑፍ ሲመጣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። የእህቴ ልጅ የሁለታችንን መክሳት አይቶ፣ ፊት ለፊት እየተያየን እንድናወራበት ለእሷም ለእኔም አንድ አንድ ታብሌት ገዛልን። ልክ በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤትዎ በየአደባባዩ «ነጻ ዋይፋይ» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ተከለ። እንዴት እንደመረቅሁዎት ጎረቤቶቼን ይጠይቁ።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ምስጋና ያልሁት ቅሬታ ማለት ለእርስዎ ስለሚከብድ ነው።

፩. ስለ አውቶቡስ ተራው። በእርግጥ እዚያ ዋይፋይ አለ፤ ነገር ግን የሚገኘው ከሰው ራስ በላይ ነው። ታብሌቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ስዘረጋው ይመጣል፣ ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ላሟ የታሰረችበትን ቦታ ለይቼ ያወቅሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያስቡት፣ እኔ የማወራው በእጄ ነው። እጆቼ ታብሌቱን ሲይዙ አፌ ተዘጋ ማለት ነው፤ ልናገር ብዬ ሳወርዳቸው ደግሞ እህቴ ትጠፋለች። እሷ ከዚያ ማዶ አንጋጥጬ ስታየኝ ዝናብ የምለምን መስሏት ነበር። አንድ የአውቶቡስ ረዳት አዝኖልኝ ታብሌቱን ከፍ አድርጎ ያዘልኝና ጥሩ ስናወራ ቆየን፤ አውቶቡሱ ሲሞላ ግን የሥራ ነገር ሆኖበት ከነታብሌቱ ዘሎ ሊገባ ምንም አልቀረው። የትከሻዬ ሕመም መነሻ ይህ ነው።

፪. ስለ ቤተ መጻሕፍቱ። እዚያ ወንበርም ጠረጴዛም አለ፣ እኛም ድምፅ የለንም፤ ከእኛ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ተማሪው ሁሉ መጽሐፉን አጥፎ ስናወራ ማየት ጀመረ። በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቀስ ብላ መጥታ «እትዬ፣ እባክዎ እጅዎን ቀነስ ያድርጉት» አለችኝ። ይህ የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ተራ ቁጥሩ እንዳያንስብኝ ነው።

፫. ስለ አደባባዩ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ሰው ዋይፋዩ ይደርሰዋል፣ ፓስዎርድም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎን ማዳመጥ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የተፈቀደው ዐሥር ደቂቃ ሲሆን፣ የመክፈቻ ንግግርዎ ሰባቱን ይወስዳል። ማለፍ አይቻልም፣ መቀነስ አይቻልም። የቀረችው ሦስት ደቂቃ ስታልቅ እርስዎ እንደገና ብቅ ብለው «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» ይላሉ። ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። ጫማ ጠጋኙማ አንገቱን ሳያቀና «አሁን ውሃ ይጠጣሉ» ይለኛል፤ እርስዎም ይጠጣሉ።

ይህን ሁሉ በሳቅ እቀበለው ነበር፤ አንድ ቀን ግን አልሳቅሁም። እህቴ ፊቷ ተለዋውጦ ስክሪኑ ላይ መጣች። «ልጅቷ» አለችኝ፤ የልጅ ልጇን ማለቷ ነው። ከዚያ እጆቿ አየር ላይ እንደተነሡ፣ ጉንጯ ላይ እንባ እንደቆመ፣ ምስሉ ደረቀ። የተፈቀደልኝ ጊዜ አልቆ ነበር። ሕፃኗ ታመመች ወይስ ሌላ ነገር ሆነች እያልሁ ታብሌቱን ስነካካ፣ እርስዎ ክራቫትዎን አስተካክለው «ርቀት ከእንግዲህ ተረት ነው» ማለት ጀመሩ። ያን ዕለት የተናገሩትን ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሰባት ደቂቃ ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ አሁን በርዶልኛል።

ተመልሳ ስትመጣ የነገረችኝ ይህን ነው። አፍ ያልፈታችው ሕፃን ጠዋት አያቷን አይታ፣ ማንም ሳያዛት ትንንሽ እጆቿን አንሥታ በእኛ ቋንቋ ወተት ጠየቀች። የመጀመሪያ ቃሏ መሆኑ ነው። እህቴ የምታለቅሰው ከደስታ ነበር። የሁለታችን ብቻ የነበረው፣ ከእኛ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል ያልነው ቋንቋ ሦስተኛ ተናጋሪ አገኘ። እኔም አግዳሚው ላይ ሆኜ አለቀስሁ፤ ጫማ ጠጋኙ የእርስዎ ንግግር የነካኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

፬. አራተኛውን ረስቼዋለሁ። ንግግርዎ መሃል ሆኜ አስታውሼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። በየዕለቱ የምጠብቃትን ቦታ ላሳያት ብዬ አደባባዩ ላይ ከአግዳሚዬ አስቀመጥኋትና ታብሌቱን ከፈትሁ። እርስዎም እንደ ልማድዎ መጡ። እህቴ ሌላው ሰው ማስታወቂያ እንደሚያነብ የሰው ከንፈር ታነባለች፤ ስለዚህ ንግግሩን ዐይኗን ሳትነቅል ተከታተለችው። ማለቂያው ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እስክትንበረከክ ሳቀች፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አያት። ለምን እንደሳቀች ለክብርዎ ስል ወደ ታች አቆይቼዋለሁ። በእኛ ቋንቋ ስም ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ግን ያን ዕለት ስም አወጣችልዎ። በሁለት ጣት ክራቫት ማስተካከልና ከዚያ ውሃ መጠጣት ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ የሚውለው ሰው ሁሉ እርስዎን የሚጠራው በዚህ ነው።

አሁን እህቴ ወደ ልጇ ተመልሳለች። ልጅቷ በየቀኑ አዲስ ምልክት ትማራለች ትለኛለች፤ ለእኔም ራሷ ስም አውጥታልኛለች አሉ። ስሜ ምን እንደሆነ እህቴ ከራሷ ከልጅቷ እጅ እንዳየው ብላ አልነግርሽም አለችኝ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንዲት ሕፃን አባብሎ ከስክሪን ፊት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ልጅ አሳድገው ከሆነ ያውቁታል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቷ እጇን ልታነሣ ስትል የመጡት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ አዲስ ሰሌዳ እንዲተከልልን አልለምንም። የአውቶቡስ ተራው ላምም እዚያው ሰማይ ላይ ትቆይ። የምለምነው ንግግርዎን ከዋይፋዩ መክፈቻ ገጽ ላይ አንሥተው፣ ያቺን ሰባት ደቂቃ ለእህቴና ለልጅ ልጇ እንዲለቁላቸው ብቻ ነው። ንግግሩ እንዳይጠፋ ከሰጉ፣ ጫማ ጠጋኙና እኔ በቃላችን ስለያዝነው፣ በተፈለገ ጊዜ ከነውሃው እናቀርበዋለን።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ ዝቅ ባለ ትከሻና ለሰባት ደቂቃ በማይቋረጥ ምስጋና፣
ዘወትር አድማጭዎ የሆነችው፣
ከገበያው ጀርባ ያለችው መጋረጃ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ንግግርዎ ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ከፍ ብሎ ድምፅዎን ይውጠዋል፤ ከንፈርዎ ግን ጥቂት ይቀጥላል። እኛ ጆሯችን የሚሰማ ሰዎች ምርቃት መስሎን ስንቀበለው ኖረናል። እህቴ እንዳነበበችው ከሆነ፣ ከካሜራው ጀርባ ለቆመው ሰው ያሉት «ግን ይሄ ነገር የምር ይሠራል?» ነው። እስከ ዛሬ የመለሰልዎ ሰው ያለ ስለማይመስል፣ ሁለታችን ተመካክረን መልሱን እነሆ ብለናል፦ አዎ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ዝም ሲሉ ይሠራል።