የተቀደዱት ሽፋኖች

ጥቅምት 6

ሙቀቱ በረድ ብሏል። መስኮት ከፈትኩ፤ አቧራ ገባ፤ መልሼ ዘጋሁ። ሪያድ እንዲህ ናት።

ሩሐማ ከትምህርት ቤት እንደገባች ጫማዋን በር ላይ ጣለች። ራሷ እንድታነሣው አደረግኩ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ በእሷ ዕድሜ ጫማውን ራሱ ይወለውል ነበር።

ለእንግሊዝኛ ክፍል የምታቀርበው ሥራ አለ። ባለፈው ቅዳሜ አባቷ፣ ልጄ በላይነህ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሐራጅ ገበያ ወስዷት አንድ አሮጌ የአሜሪካን የሥዕል መጽሔት ገዝታለች። ኮሚክ ይሉታል። ሽፋን የለውም። ከሰባ ዓመት በፊት ያሳተሙትን ሰዎች ታሪክ ልጽፍ ነው አለች።

"ይኼ እኮ ቆሻሻ ነው" አልኳት።

ቆሻሻ ነው አልኩና... ወረቀቱን አሸተትኩት። ሳላስበው። እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ልጅ፣ አባቷ አስመራ፣ ቃኘው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር የሚሠራ፣ እንዲህ ያለ መጽሔት ይዛልን ትመጣ ነበር። እነዚያም ሽፋን አልነበራቸውም። አንዱም። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ለሩሐማ አልነገርኳትም። ምን ይጠቅማታል?


ጥቅምት 9

የመጀመሪያውን ረቂቅ ሰጠችኝ። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው እቤቷ እያለሁ ሌላ ማን ያርምላታል? በቀይ አረምኩት። ቀዩ ከሰማያዊው በለጠ።

አሳታሚዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ባርሎው ይባላሉ፤ ኒውዮርክ። የሚገርም አሠራር ነበራቸው። መጀመሪያ ሽፋኑ ይሣላል። የምትጮህ ሴት፣ የሚቃጠል ቤት፣ ምንም ይሁን። ከዚያ ጸሐፊ ይጠሩና "ለዚህ ታሪክ ፈልግለት" ይሉታል። ጸሐፊዎቹ ብዙ፣ የብዕር ስሙ አንድ። በቃል ብዛት ስለሚከፈላቸው ቃል ያበዛሉ። ይኼ ሥነ ጽሑፍ ነው? ጣሪያ ሠርቶ ቤት መፈለግ...

"አመሰግናለሁ፣ እማማ" ብላ ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም።

በኅዳር መጨረሻ ሥራዋን ስታቀርብ ያንን ዘመን የሚያስታውስ አንድ አያት ይዛ ትመጣለች። አንድ ብቻ። ግራጫው ቀሚሴ ይበቃል።


ጥቅምት 14

የምራቴ የኪዳን እናት ከድሬዳዋ ገቡ። ወይዘሮ እመቤት። በዚያራ፣ በጉብኝት ቪዛ ነው፤ ሦስት ወር ይቆያሉ። ኪዳን ከምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ ጠይቃ አየር ማረፊያ ድረስ ሄደች። እኔ ስመጣ በላይነህ ነው ብቻውን የመጣው... ተዪው።

ሳሎን ገብተው ሳይቀመጡ፦

"ሰብልዬ! አቦ፣ አንቺ አታረጂም እንዴ?"

ሰብልዬ። አንቺ። ሰብለወንጌል ብሎ የሰየመኝ አባቴ እንኳ ሰብልዬ ብሎኝ አያውቅም።

በላይነህ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ "እማዬ፣ ድሬ አንቱታ የለም፤ ኸላስ፣ በቃ ልመጂው" አለኝ። እሺ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልላትም።

አንድ ደህና ነገር፦ የሩሐማ ክፍል ለእመቤት ስለተሰጠ ሩሐማ እኔ ጋ ትተኛለች። ትራሷን አምጥታ አልጋዬ ላይ አኖረች። ደስ አለኝ።


ጥቅምት 17

እመቤት መጽሔቷን አየቻት። ጭኗን መታች።

"አቦ! ይቺን አውቃታለሁ! ሽፋኗ ላይ አንዲት ሴት ድልድይ ላይ ቆማለች። ዝናብ። ከኋላዋ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፤ ፊቱ አይታይም።"

"እውነት? የት አየሻት?" ሩሐማ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ከዚራ ነዋ! ባቡር ጣቢያው አጠገብ አባቴ ሱቅ ነበረው። ከጅቡቲ በባቡር ይመጣ ነበር፣ በጆንያ!"

ሩሐማ እርሳስ አምጥታ መሣል ጀመረች። እመቤት ትናገራለች፣ ልጅቷ ትሥላለች። ድልድዩ፣ ሴትዮዋ፣ ባርኔጣው። እራት ቀዘቀዘ።

እኔም እነዚያን መጽሔቶች በእጄ ይዤአለሁ። ማን ጠየቀኝ?


ጥቅምት 20

ሩሐማ እመቤትን "እምዬ" ትላታለች። "አንቺ" ትላታለች። በሳምንት!

እኔን እማማ። እርስዎ። አራት ዓመት አብረን ኖረን።


ጥቅምት 27

ዛሬ ሌላ ሽፋን። የጠፈር መርከብ፣ ከበታቹ የሚነድ ከተማ። ትናንት ደግሞ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ስልክ የያዘ እጅ። ይቺ ሴትዮ ስንት ሽፋን ነው ያየችው? ሱቅ ነው ወይስ ሙዚየም?

ሩሐማ ስትሥል ሳለ ቀና ብላ ወደ እኔ፦

"እማማ፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ እናቶችና አስተማሪዎች ልጆችን ያበላሻል ብለው ኮሚክ ሰብስበው በትምህርት ቤት ግቢ ያቃጥሉ ነበር። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ ያቃጥሉ ነበር?"

"የሚቃጠል ከሆነ ይቃጠላል" አልኩ።

እመቤት ሳቀች። "ክብሪቱን እኔ እደብቅባት ነበር!" ሁለቱም ተንከተከቱ።

ለምን እንደዚያ አልኩ? እኔ እኮ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በባትሪ ያነበብኩ ሰው ነኝ።


ኅዳር 3

ሩሐማ ትራሷን ይዛ ወደ ራሷ ክፍል ተመለሰች። ከእመቤት ጋር። "እምዬ ሳልተኛ ታሪኩን ትጨርስልኛለች" አለች።

ግድግዳው ስስ ነው። ሳቃቸው ይሰማል።

ሁለተኛውን ረቂቅ ለእኔ አላመጣችም።


ኅዳር 8

ኪዳንን ዘወር አድርጌ ጠየቅኳት፦ ለትምህርት ቤቱ ቀን የትኛዋን አያት ልትወስድ ነው?

"ኧረ እማማ፣ እኔንጃ... እናቴን መሰለኝ። ቅር አይበልዎት።"

ቅር? እኔ? ግራጫውን ቀሚስ ወደ ቁም ሣጥን መለስኩት።


ኅዳር 12

ዓርብ። ሁላችንም ምሳ ላይ። ሩሐማ የመጨረሻውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችልን። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ። ባርሎዎች እንዴት እንደከበሩ፣ አከፋፋያቸው ሲዘጋ እንዴት እንደወደቁ። ከዚያ ወደ አንድ ቦታ ደረሰች...

ሱቆቹ ሳይሸጥ የቀረውን መጽሔት ሙሉውን አይመልሱም ነበር። ሽፋኑን ብቻ ቀድደው፣ አልተሸጠም ለማለት፣ ለአሳታሚው ይልካሉ። ሽፋን የሌለው ገላ መጣል ሲገባው በስውር በኪሎ ይሸጣል። በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ገባኝ። ለካ ለዚያ ነው! ወዲያው ደግሞ ሌላው ገባኝ።

"እንግዲያው" አልኩ፣ በአስተማሪነት ድምፄ፣ "ወደ እኛ አገር የመጡት ሁሉ ሽፋን አልነበራቸውም። እኔ ይዤአቸው ስለነበር አውቃለሁ። ወይዘሮ እመቤት የትኛውን ሽፋን ነው ያዩት?"

በላይነህ "እማዬ..." አለ። እመቤት እንጀራዋን ጠቅልላ ሳትጎርስ መልሳ አስቀመጠችው። ፊቷ አረጀ፤ አሁን፣ ዓይኔ ሥር።

አሸነፍኩ ብዬ ወደ ሩሐማ ዞርኩ።

"አውቄ ነበር፣ እማማ" አለች። "የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስለሚያምሩ ነዋ! ባርሎዎችም እንደዚህ ነበር የሚሠሩት። መጀመሪያ ሽፋን፣ ከዚያ ታሪክ።" ሥዕሎቿን ሰበሰበች። "እርስዎ ሁሉን ነገር ያርማሉ።"

ተነሥታ ሄደች።


ኅዳር 14

ሩሐማ ማንንም አያት አልወስድም ብላለች። ሥዕል የለም። እመቤት ወጥ ቤት ትውላለች። ሳሎን ስገባ "እንዴት ዋሉ?" ትለኛለች። ዋሉ! አንቱ አለችኝ።

ስንት ቀን ነው ይህንን የተመኘሁት? ታዲያ ምን ይጎረብጠኛል?


ኅዳር 16

እመቤት በሬን አንኳኳች። ለውዝ የሞላ ሳህን ይዛ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያለ ፈቃድ።

"ስሚኝ ሰብለ። አባቴ ሱቅ ነበረው፤ አልዋሸሁም። መጽሔቱም በጆንያ ይመጣ ነበር። ግን ለንባብ አልነበረም፤ ለውዝ ይጠቀለልበት ነበር። ገጹን እየቀደደ። እኔ ደንበኛው የጣለውን አነሣለሁ። ዛሬ መሐል ገጽ፣ ነገ የሌላ ታሪክ መጨረሻ። ሴትዮዋ ድልድይ ላይ ናት፤ እንዴት እዚያ ደረሰች? አላውቅም። ወደቀች? አላውቅም። ምን ላድርግ? ራሴ ጨረስኩት።"

"አንዱንም ሙሉ አላነበቡም?"

"አንዱንም። አንቺ ሙሉውን አነበብሽ አይደል? ታድለሽ።"

እንዲህ ስትለኝ ቅናት በዓይኗ አየሁ። የእኔኑ ዓይነት። ሌላ ሰው ላይ ሳየው እንዴት ያስጠላል...

ለውዙን በላን። ይቅርታ አልጠየቅኩም። እንዴት እንደሚጠየቅ ጠፋብኝ።


ኅዳር 17

እራት ላይ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ቀኑን ሙሉ ያሰብኩትን ተናገርኩ፦

"ወይዘሮ እመቤት፣ ያቺ ድልድይ ላይ ያለችው ሴት። ዝናብ ከሆነ ዣንጥላዋ የት አለ?"

በላይነህ ሊያስቆመኝ እጁን አነሣ። እመቤት ግን አየችኝ። 

"ነፋስ ወሰደባት" አለች።

"ወዴት?"

"ወደ ወንዙ። ከታች ይታያል፣ ተገልብጦ።"

"ነፋሱ ወደ ወንዙ ከነፈሰ ፀጉሯም ወደዚያው መሄድ አለበት። ሥዕሉ ላይ ግን ተኝቷል። ልክ አይደለም።"

ሩሐማ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እሷን። ተነሣች። ሥዕሉንና ላጲሱን ይዛ መጣች። ፀጉሩን አጥፍታ እንደገና ሣለችው። ዣንጥላውንም።

"አቦ፣ አሁን ነፈሰ!" አለች እመቤት።

እውነት ነው። ነፈሰ።


ኅዳር 24

ሩሐማ ሁለታችንንም ልውሰድ ብላ ጠየቀች። ትምህርት ቤቱ አንድ ነው ያልነው አለ።

"እሷ ትሂድ" አልኩ። "ሽፋኑ የእሷ ነው።"

ግራጫ ቀሚሴን ለእመቤት አልሰጠሁም። ያንን ያህል ቅድስት አይደለሁም። ግን የነጠላዋን ጥለት አስተካከልኩላት፤ ዘቅዝቃው ነበር።


ኅዳር 25

ሄዱ። የተተኮሰውን መልሼ ተኮስኩ። አሁን ሩሐማ እያስተዋወቀቻት ይሆናል። አሁን እየሳቁ ይሆናል። ቅናት ለካ በሰባ ስምንት ዓመትም ጨጓራ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሲመለሱ ከደረጃው ጀምሮ ይሰማሉ። እመቤት መምህሯን ጭምር "አንቺ" ብላታለች፤ በአማርኛ! ሩሐማ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ሮጣ መጣች።

"እማማ፣ ዣንጥላውን ማን አሰበው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሌላዋ አያቴ፣ እቤት ያለችው፣ አልኳቸው!"

ጫማውን እኔ አነሣሁት።


ጥር 10

እመቤት ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። አየር ማረፊያው ላይ "ሰብልዬ፣ ልጅቷን ብዙ አታርሚያት" አለችኝ። "አንቺም ብዙ አትዋሺ" አልኳት።

አንቺ አልኳት። ከአፌ ወጣ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ሩሐማ ክፍሏን አገኘች፤ ትራሷ እዚያው ነው።


ጥር 17

ሩሐማ ዛሬ አልጋዬ ግርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እርሳስ ይዛለች።

"እማማ፣ አንድ ሽፋን ንገሪኝ።"

ይንገሩኝ አላለችም። ልክ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

እኔ ሽፋን አይቼ አላውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ... የወጣው ሌላ ነው።

"የአዳሪ ቤት መተላለፊያ። ረጅም፣ ጨለማ። አንዲት ቀጭን አስተማሪ፣ በእጇ የቁልፍ ዘለላ። ጥላዋ ግድግዳው ላይ ወድቋል። ጥላው ግን የእሷ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"ሽፋን ላይ አይነገርም" አልኩ። ልቤ እንደ ተማሪ ይመታል። ሩሐማ ቀና ሳትል ትሥላለች። እስከዛሬ እንዲህ አዳምጣኝ አታውቅም።

ማታ እመቤት በቪዲዮ ደወለች። ሩሐማ ሥዕሉን ለስልኩ አሳየች።

"ይኼንን ማን ነገረሽ?"

"እማማ!"

"ሰብለ ዋሸች? ወላሂ?" ጣራ እስኪነካ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ አየችው። "ደህና ነው። ግን ጫማዋን ቀይ አድርጊው።"

ስልኩን ከልጅቷ እጅ ወሰድኩት። "የአዳሪ ቤት አስተማሪ ቀይ ጫማ አታደርግም! አንድ ቀንም!"

"ለዚህ እኮ ነው፣ አቦ!"

ዘጋሁባት። የእኔን ሽፋን! ድሬዳዋ ተቀምጣ!

ሩሐማ ቀይ እርሳስ ፈልጋ ቀባችው። አልከለከልኳትም። ሥዕሉ ግድግዳዬ ላይ ነው፤ እዚህ ስጽፍ ከፊቴ አለ።

ቀዩ አምሮበታል። ለእመቤት ግን አልነግራትም።