ያልተንቀሳቀሰው ቁጥር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ ከልቤ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ድምፄ ሰልሎብሽ ምን ሆንክ ስትዪኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። አሁን አልፏልና ልንገርሽ።

የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምጠብቀው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። አንደኛው ለሕሙማን የሚሄደውን ኦክስጅን ይከታተላል። በውስጡ ሦስት ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ የኦክስጅኑን ግፊት ያነባል፣ አንዱ ንባቡን በወረቀት ያትማል፣ አንዱ ሲያንስ ደወል ይደውላል። አንድ ቤት ቢኖሩም አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም፤ ወሬ የሚቀባበሉት እኛ ቧንቧ በምንለው መስመር ነው። አንባቢው ለአታሚው፣ አታሚው ለደወሉ እንዲያቀብል አድርጌ የዘረጋሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የማተሚያው ወረቀት አለቀ። አታሚው ቆመ፣ ቧንቧው ሞላ፣ አንባቢውም ቦታ እስኪለቀቅለት ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ለደወሉም ምንም አልደረሰውም። ስክሪኑ ላይ የቀረው የጠዋቱ ያማረ ቁጥር ብቻ ነበር። የክፍሉ ነርስ ግን ነገሩ አልጣማትምና አስጠራችኝ።

«ይሄ ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ሰው እየተነፈሰ እንዴት አይቀንስም?» አለችኝ።

ወደ ኦክስጅኑ ሲሊንደሮች ሮጥን። መለኪያቸው ቀዩ መስመር ላይ ደርሷል። ከአንድ የጥገና ሠራተኛ ጋር ቶሎ በሙሉ ቀየርናቸው። ማንም አልተጎዳም እታለም፣ ማንም።

ለአለቃዬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኩት። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እሱም ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል፣ ነርሷ እስክታምንበት ድረስ ግን ሲሊንደሮቹን ሰው ይጠብቃቸው አለኝ። አሁን አንባቢው ለደወሉ በራሱ ቧንቧ ይነግረዋል፤ የአታሚው መስመር ቢሞላ ጥሎት ያልፋል። በየአሥር ሰከንዱም አለሁ የሚል ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ ከቀረ ደወሉ ይጮኻል። ዛሬ ነርሷ መጀመሪያ ወረቀቱን በእጇ አወጣች፤ ደወሉ ሥራውን አላቋረጠም። ቀጥላ አንባቢውን አቁመው አለችኝ፤ አቆምኩት። ጩኸቱ ኮሪደሩን አናጋው። ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገባሁ። በዚያ መስመር የሚተነፍሱ አንዲት እናት ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ ቴሌቪዥኑን ልትሠራ ነው የመጣኸው አሉኝ። አዎ ብዬ ሠራሁላቸው።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ በርቺ ተብላለች፤ ትንሹን ድንቡሼን ጉንጩን ንከሺልኝ።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ግንቦት 12 ቀን